ከጣት የማትረዝም ክር

ወለቃ ላይ ለእደ ጥበብ ሠልጣኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ወሬ ከመጀመሬ በፊት ሥራ ላስይዛችሁ ነው። በዚህ ሰፌድ ላይ ሰባት ትናንሽ ዕቃዎች አሉ። ከፊተኛው ወንበር ጀምሬ አንድ በአንድ እሰጣችኋለሁ፤ አገላብጣችሁ እያያችሁ ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። ጎትቷቸው፣ እጠፏቸው፣ ከፈለጋችሁ በጥርሳችሁም ሞክሯቸው። አደራዬ አንድ ነው፦ ኪስ አይግቡ። ስጨርስ ቆጥሬ እረከባለሁ።

የመጀመሪያዋ ይህችው ናት፤ ጫፏ ወደ ራሷ ተመልሶ ዓይን የሠራ ነጭ ክር። ከመሃል ጣቴ አትረዝምም። ዘላዮቹ ሉፕ ይሏታል፤ እኔ ዛሬ የመዝጊያ ክር እላታለሁ። ሰው ጃንጥላ በጀርባው አዝሎ ከአውሮፕላን ሲዘል ከረጢቱን ዘግታ የምትይዘው እርሷ ናት። የከረጢቱ ክዳኖች ይደራረባሉ፤ ክሯ በየክዳኑ የብረት ዓይን አልፋ ብቅ ትላለች፤ በዓይኗ ውስጥ ፒን ይሰካል፤ በቃ። ሌላ ቁልፍ የለውም። ፒኗ ስትመዘዝ ክዳኑ ይበረገዳል፣ ጃንጥላው ይወጣል። ክሯ ሳትታዘዝ ከተበጠሰችም ጃንጥላው ይወጣል፤ ያኔ ጥያቄው ሰውየው የት ነው ያለው የሚለው ነው። የአውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ ከሆነ የወጣው ጨርቅ ጅራቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። እንዲያ ከሆነ ችግሩ የአንድ ሰው መሆኑ ይቀርና አብራሪውንም፣ ገና ያልዘሉትንም ይጨምራል። የዚህች ክር ዋጋ ደግሞ ከአንድ ማኪያቶ ቢበልጥ ነው።

የእኔ እንጀራ እንዲህ ያሉትን ማየት፣ መለወጥና መስፋት ነው። ጎንደር ተወልጄ አድጌ አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ ሙያዬን ሪገር ይሉታል፤ እኔ ጠጋኝ ብለው ደስ ይለኛል። እናቴ ጎረቤት ልጅሽ ምን ይሠራል ሲላት «ጃንጥላ ይሰፋል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሰሚው ግን ፒያሳ ጥግ ተቀምጦ የተሰበረ የዝናብ ጃንጥላ ሽቦ የሚያቀና ሰው ነው የሚታየው። «ለዚህ ነው አሜሪካ ድረስ የሄደው?» ያሏት አሉ።

ቃሉ ራሱ ነው ያሳሳታቸው። ጃን ማለት ንጉሥ፣ ግርማ ማለት ነው ይላሉ አዋቂዎቹ፤ በከተማችን እምብርት ጃን ተከል አለን፣ አዲስ አበባም ጃን ሜዳ አላት። ጃንጥላ እንግዲህ የንጉሥ ጥላ መሆኑ ነው። ለዝናቡም፣ ለታቦቱም፣ ከሰማይ ለሚወርደው ወታደርም ያንኑ አንድ ቃል ሰጠነው። ፓራሹት የሚለውም ገብቷል፤ አያቶቻችን ግን ጃንጥላ ነበር የሚሉት።

በዚህ አገር ሰማይ ስለ ጃንጥላ ከሚወራው ሁሉ የሚጣፍጠኝ የሁበርት ጁልያን ነገር ነው። ትሪኒዳድ የተወለደ፣ ኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ ስም ያወጣ ጥቁር አብራሪ ነበር። ለጥቅምት 1923 ዓ.ም. የንጉሡ የዘውድ በዓል ሲዘጋጅ አዲስ አበባ መጣ፤ በንጉሡ ፊት በጃንጥላ ወረደ፤ ኮሎኔል ተባለ። በዓሉ ሲቃረብ ደግሞ ንጉሡ የሚሳሱላትን ትንሽ አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሰና ከአገር ተሸኘ። ታሪክ ጸሐፊዎች የተሰበረችውን አውሮፕላን ያነሣሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፦ ያንን ጃንጥላ ማን አጠፈለት? በየትኛው ጠረጴዛ ላይ? ኋላም አየር ወለዶቻችን ደብረ ዘይት ላይ ሲሠለጥኑ፣ ከእያንዳንዱ ዘላይ ጀርባ ጃንጥላውን ያጠፈ ሌላ ሰው ነበር። የዘላዩ ስም በሜዳልያ ይጻፋል። የአጣፊውን ስም የሚያውቀው መዝገብ ብቻ ነው።

ወለቃ ላይ ልናገር ስባል ያለ ማንገራገር የመጣሁት በዚሁ በአጣፊው ምክንያት ነው።

ልጅ ሳለሁ አጎቴን ተከትዬ ማረሻ ለማሳል እዚህ መጥቻለሁ። ቀጥቃጩ ማረሻውን ተቀብሎ ወደ እሳቱ አልከተተውም። ወናፉም ዝም ብሏል። መጀመሪያ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ መልሶ ግራውን። ከዚያ አጎቴን «ድንጋያም ማሳ ላይ ሰንብተሃል። ደግሞ እርፉን ወደ ግራ ታጋድላለህ» አለው። አጎቴ ክው አለ። ማሳውን ያላየ ሰው እንዴት አወቀ? ብረቱ ነግሮት ነዋ። የት እንደ ሳሳ፣ የት እንደ ተፋቀ፣ በየት በኩል እንደ ጠገበ፣ ብረት ያየውን አይደብቅም።

ከቤት ስንወጣ አጎቴ «ዓይኑን አትየው» ብሎኝ ነበር። ለምን እንዳለኝ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለቀጥቃጮች የሰጠነውን ስም እዚህ ቆሜ አልጠራውም። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን፣ ምጣድና ጀበናችንን ከሠሩልን ሰዎች ዓይን እየሸሸን ነው ያደግነው። እነዚያ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤላውያኑ፣ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ጊዜ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ሄዱ፤ በዚህ በሁለተኛው ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። ከልጆቻቸው መካከል ዛሬ በእስራኤል ጦር ውስጥ በጃንጥላ የሚወርዱ አሉ። እኔም የእነርሱ አባቶች ማረሻ ላይ ያደረጉትን በክርና በፒን ላይ አደርጋለሁ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ የእኔ ደንበኛ ከመዝለሉ በፊት ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

እንግዲህ ወደ ክሯ እንመለስ፤ የት ደረሰች? ደግ።

ክሩ እንደ ቱቦ ውስጡ ባዶ ሆኖ የተጎነጎነ ነው። ዓይን ስናወጣለት አንቋጥረውም፣ አንሰፋውም። ጫፉን በቀጭን የሽቦ መሳቢያ ይዘን ወደ ራሱ ሆድ እናስገባዋለን። ሲጎተት ውጪኛው ጉንጉን ውስጠኛውን አንቆ ይይዘዋል፤ አብዝተው በጎተቱት ቁጥር አብዝቶ ያንቃል። ሸማኔዎች ይህን ስታዩ ፈገግ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አለቃዬ ሃያ ክር አሠራኝና ደርድሮ ለካቸው፤ በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ይበላለጡ ነበር። ሁሉንም ቆርጦ ጣላቸው። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? ክሩን ሳልወጥር መለካቴ። የላላ ክር የፈለግነውን ርዝመት ይሰጠናል፤ እውነቱን የሚናገረው ሲወጠር ነው።

ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ክሯ ከረዘመች ፒኗ ላልታ ትቀመጣለች፤ ዘላዩ ጀርባው የአውሮፕላኑን ግድግዳ ቢታከከው ልትሾልክ ትችላለች። ካጠረች ደግሞ ከረጢቱን ለመዝጋት ጉልበት ይጠይቃል፤ ክዳኑ ይጨነቃል፤ ፒኗም ስትሳብ ታስቸግራለች። ልኩ በመሃል ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ እርሱም በየጃንጥላው ይለያያል።

ክሯ ስታረጅ ጸጉር ታወጣለች፤ በአምፖል ፊት ስትይዟት ዳርዳሯ ጭጋግ ይመስላል። ልማዳችን ከአሥር አንድ እጇ ከተላገ መጣል ነው። አዲሷን አስገብቶ መሄድ ግን ግማሽ ሥራ ነው። የወለቃው ቀጥቃጭ ማረሻውን ስሎ ብቻ አልሸኘንም፤ እርፉን ታጋድላለህ አለ። እኛም ክሯ ለምን ተላገች እንላለን። ትንሽ ጣቴን በየብረት ዓይኑ ውስጥ አስገብቼ አዞራለሁ። አንድ ቦታ ከጫረኝ ቢላው እርሱ ነው። ብረቱ ተሰንጥቆ ወይም ጠርዙ ተነሥቶ ይሆናል። እርሱን ትቼ ክር ብቀይር በየወሩ ክር ስቀይር እኖራለሁ፤ አንዱ ወር ደግሞ እረሳለሁ።

ሁለተኛዋ ፒኗ ናት፤ ይህችው የታጠፈችው። በጥፍራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱባት። ጥፍር የሚያቆም ነገር ካለ ፒኗ አልቃለች። እጀታ ስቦ ጃንጥላን በራስ እጅ መክፈት የቆየ ብልሃት ነው፤ ሌስሊ ኧርቪን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1919 ኦሃዮ ውስጥ ከአውሮፕላን ዘሎ፣ በአየር ላይ እጀታውን ራሱ ስቦ ጃንጥላውን ከፈተ። ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ እንጂ ተረፈ።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ በሁለት እጅ ተቀበሉት። ጫፉ ላይ ቀለበቶች የተደራረቡበት ማንጠልጠያ ነው። ከዕቃዎቼ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ዋናው ጃንጥላ ተተብትቦ ቢከፈት ዘላዩ እርሱን ቆርጦ መጣልና መጠባበቂያውን መክፈት አለበት። ቆርጦ ስል በቢላ አይደለም። ድሮ በየትከሻው አንዳንድ የብረት መቆለፊያ ነበረ፤ አንዱ ተከፍቶ ሌላው እምቢ ሊል ይችላል። ቢል ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንን አመጣ። ትልቁ ቀለበት ትጥቁ ላይ ተሰፍቷል። መካከለኛው በትልቁ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ትንሹ በመካከለኛው ውስጥ አልፎ እንደገና ይታጠፋል። ትንሹን ቀጭን ክር ያቅፈዋል፤ በክሩ ውስጥ ደግሞ ይህ ቢጫ ሽፋን ያለው ገመድ ያልፋል። በመፈንቅል ድንጋይ ያነሣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እያንዳንዱ ቀለበት ለቀጣዩ መፈንቅል ነው፤ ሸክሙ ከቀለበት ቀለበት እያነሰ እያነሰ ሄዶ ክሩ ላይ ሲደርስ ጣት የሚችለው ይሆናል። ዘላዩ አንድ እጀታ ሲስብ በሁለቱም ትከሻ ቢጫው ገመድ ይሾልካል፤ ቀለበቶቹ ተራ በተራ ይገለበጣሉ፤ ሰውየው ይለቀቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብልሃት በምን ይበላሻል? በመቀመጥ። ማንጠልጠያው የናይለን ጠፍር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ወራት ከሰነበተ እንደ ደረቀ ቁርበት ቅርጹን ይይዛል፤ ቀለበቱ ሊገለበጥ ሲል ያንገራግራል። ቢጫው ገመድም አቧራና ቅባት ይሰበስባል፤ በሽፋኑ ላይ ሲደርቅ መሾለኩ ይቀርና ይጎተታል። መድኃኒቱ በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም ፈትቶ ጠፍሩን ወዲያና ወዲህ ማሸት፣ ገመዱን ጠርጎ አምራቹ የሚያዘውን ማለስለሻ በስሱ መቀባት ነው። ከአሥር ደቂቃ አያልፍም፤ መሣሪያም አይጠይቅም። እንደዚህ የሚዘነጋ ሥራም አላየሁም። ሰው ለሚያብረቀርቀው የራስ ቁር የሚያወጣውን ጊዜ ለዚህ አያወጣም።

አራተኛው ይህ ቁራጭ ገመድ ነው፤ ይህ በተለይ ለፈታዮችና ለሸማኔዎች ነው። ጃንጥላውን ከሰውየው የሚያገናኙት እንዲህ ያሉ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። ስፔክትራ ከሚባል ክር ይጎነጎናሉ፤ ቀጭን፣ አዳላጭ፣ ለመለጠጥ እምቢ ባይ ነው። ሸማኔ ክር በጊዜ ብዛት ላላ፣ ረዘመ ብሎ ያማርራል። ይህ ክር ግን ያጥራል። ጃንጥላው ሲከፈት ድንገት እንዳይበረገድ፣ አራት ቀለበት ያለው ጨርቅ በገመዶቹ ላይ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። በዚያ ፍጥነት ብረት በክር ላይ ሲሄድ ይሞቃል፤ ስፔክትራ ደግሞ ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል። ሁሉም እኩል ቢያጥር ባልከፋ፤ የሚያጥሩት ቀለበቶቹ የሚሄዱባቸው የዳርቻዎቹ ናቸው፤ መሪዎቹ ገመዶች ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። ከጥቂት መቶ ዝላይ በኋላ ጃንጥላው ጸባዩን ይለውጣል፤ በኃይል ይከፈታል፣ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ዘላዩ ጨርቁ አረጀ ብሎ ያማል። ጨርቁ ደኅና ነው፤ ድሩ ነው የተዛባው። እኛ እያንዳንዱን ገመድ ወጥረን ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር እናስተያያለን፤ ከልክ ያለፈውን እንለውጣለን። ድር ቢያብር የሚለውን ተረት እናንተ ስለምታውቁት ልተወው፤ እኩል ርዝመት ሳይኖረው ያበረ ድር ግን አንበሳ አያስርም።

አምስተኛው ይህ ባለ ብሎን የብረት ማያያዣ ነው። በእጅ እስኪጠብቅ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር። ጉልበተኛ ጠጋኝ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ይጥበቅ ብሎ ሲጨምርበት ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። ካጠበቅን በኋላ ከብሎኑ እስከ ማያያዣው በጥፍር ቀለም አንድ መስመር እናሰምርበታለን፤ ብሎኑ ቢንቀሳቀስ መስመሩ ይሰበራል። ባለቤቴ የጥፍር ቀለሟ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

ስድስተኛው ላስቲክ ነው። የታጠፉትን ገመዶች በየቦታቸው ይይዛል፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ይህ ላስቲክ ነገር ሲጠና እንዲበጠስ ነው የተሠራው። አንድ ዘላይ ላስቲኩ ቶሎ ቶሎ እየተበጠሰ ቢያስቸግረው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ተካው። አልተበጠሰለትም። ጃንጥላውም ከታጠፈበት ቦርሳ አልወጣለትም፤ በመጠባበቂያው ወረደ።

የመጣሁበት ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ባትስማሙበትም ስሙኝ።

የእኛ አገር ጠጋኝ ክብሩ ማብቃቃት ነው። የወለቃና የጎንደር ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ማረሻ ያወጣል፤ ጫማ ሰፊው ከጎማ ሶል ያወጣል፤ መካኒኩ የሌለውን ዕቃ ከሌላ መኪና አምጥቶ ያገጣጥማል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እየጠፋ ያለ ሙያ ነው፤ በእርሱ እኮራለሁ። ጃንጥላ ጠገና ስገባ ግን ከእኔ ጋር የሄደውን ይህንን ሙያ በር ላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ፒን ጠፍቶ ጠንካራ ምስማር ሳይ እጄ ይበላኝ ነበር። ማረሻ ቢሰበር እርሻው አንድ ቀን ይቆማል፤ ገበሬው ይሳደባል፣ ይመለሳል። እዚህ የሚመለስ የለም። ስለዚህ ፒኗ ራሷ፣ ክሩም ራሱ፣ ከነቁጥሩ አምራቹ ያለው ካልሆነ፣ ምንም ጠንካራ ቢመስል አይገባም። ከሚፈለገው በላይ የጠነከረ ዕቃም ስህተት ሊሆን እንደሚችል ላስቲኩ ነግሮናል።

ልብስ ሰፊዎች እንዳይከፋችሁ እንጂ በስፌቱም እንደዚሁ ነው። የእኛ ሰው ስፌት እንዲጠነክርለት ደግሞ ይሰፋዋል፤ ሦስተኛም ይደግማል። በናይለን ላይ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ከጨርቁ የተነሣ ሥጋ ነው። መስመሩን ሦስቴ ስትመላለሱበት ጨርቁን የደብተር ቅጠል ታደርጉታላችሁ፤ በመስመሩ ይቀደዳል። ፀሐይም አለ። እናቴ ለሁሉም ነገር መድኃኒቷ «ፀሐይ ይምታው» ነው፤ ለበርበሬውም፣ ለፍራሹም፣ ለታመመውም። ናይለን ፀሐይ ይበላዋል፤ በዚህ በደጋው ፀሐይ ደግሞ ይብስበታል። የረጠበ ጃንጥላ ጥላ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚደርቀው።

ማብቃቃቱ በር ላይ ይቅር ስል ግን የቀጥቃጩ አውራ ጣት አብሮ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሠልጣኞች ይህንን እንዳታምታቱት። ዳብሶ ማወቅን፣ የተላገውን አይቶ የላገውን መፈለግን፣ ከእኔ መምህራን ብዙዎቹ ከእናንተ አባቶች የተሻለ አያውቁም። መመሪያ ቁጥር ይሰጣል፤ ጣት አይሰጥም።

አሁን ስለ መጠባበቂያው። በ77ቱ ድርቅ የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች መኪና ወደማይደርስበት ደጋ እህል ሲያወርዱ ያለ ጃንጥላ ነበር፤ መሬት ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ዝቅ ብለው ከረጢቱን ይገፉታል። ከረጢቱ በሌላ ከረጢት ተደርቧል፤ ውስጠኛው ቢፈነዳ ውጪኛው እህሉን ይይዛል። የመጠባበቂያ ጃንጥላ ሐሳቡ ያው ነው፤ አንዱ እምቢ ሲል ሌላው።

ዋናውን ጃንጥላ ዘላዩ ራሱ ያጥፈው። መጠባበቂያውን ግን በአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ብቻ ነው የሚነካው። ፈቃዱን ለማግኘት በአስተማሪ ፊት ቢያንስ ሃያ ጃንጥላ ማጠፍና መፈተን ያስፈልጋል። የጠረጴዛው ልክ ሳይቀር ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ ሦስት ጫማ ወርድ፣ አርባ ጫማ ርዝመት፤ አርባው ጫማ በሜትር 12 ያህል ነው። ጃንጥላው ተዘለለበትም አልተዘለለበትም በየ180 ቀኑ ይከፈታል፣ ይመረመራል፣ እንደገና ይታጠፋል። የሐር ከሆነ 180ው ቀርቶ 60 ቀን ነው፤ ከትል የተገኘ ክር ከናይለን ቀድሞ ይደክማል። በመጨረሻ ፒኗ ላይ ቀይ ስስ ክር ይታሰርና በእርሳስ ይታተማል። እርሳሱ ላይ የጠጋኙ ምልክት አለ። ማኅተሙን ከሰባቱ ጋር ያላሳለፍኩት ለዚህ ነው፤ ማኅተም አይዋስም።

ከማተም በፊት አንድ ሥርዓት አለ፦ ዕቃ መቁጠር። ሰባተኛዋ ዕቃ ይህች ቀይ ሪባን ያላት ጊዜያዊ ፒን ናት፤ ከረጢቱን ስንዘጋ ለጊዜው ትይዝልናለች፣ ከዚያ መውጣት አለባት። ሪባኑ የተንጠለጠለባት እንዳትረሳ ነው። ውስጥ ከቀረች መጠባበቂያው አይከፈትም።

አንድ ምሽት መጠባበቂያ አጥፌ፣ ዘግቼ፣ ዕቃዬን ስቆጥር አንዲት የሽቦ መሳቢያ ጎደለች። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ጠረጴዛው ሥር ፈለግሁ፣ የዕቃ ሣጥኖቹን ሁሉ አመስሁ፤ የለችም። እዚያው የታጠፈው ጨርቅ ውስጥ ከሆነችስ? የሦስት ሰዓት ሥራዬን ፈታሁት። ገመዱን ዘረጋሁ፣ ጨርቁን እጥፍ በእጥፍ ገለጥሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ እጄን ላብስ ወደ ሽርጤ ኪስ ስሰድ አገኘኋት። ጓደኞቼ ሲሰሙ በከንቱ ፈታህ አሉኝ። እኔ በከንቱ አልለውም፤ ሳልፈታ አትሜ ብተኛ ኖሮ እስከ 180ኛው ቀን አልተኛም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአገራችን መሬት ጋር ይገናኛል። ዘላዩ ራሱን ቢስት መጠባበቂያውን የሚከፍትለት ሳይፕረስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ነው ለገበያ ያወጡት። ሲበራ የቆመበትን መሬት የአየር ግፊት ለክቶ ያንን ዜሮ ይለዋል። ከዚያ 225 ሜትር ገደማ ላይ ሰውየው በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወረደ ካገኘው፣ በባሩድ የሚገፋ ትንሽ ምላጭ ክር ይቆርጣል። የትኛውን ክር? ያችኑ የመዝጊያ ክር፤ በእጃችሁ ያለችው የዚህች ክር እህት። እንግዲህ ሰውየው መሣሪያውን ጎርጎራ ጣና ዳር አብርቶ በመኪና ወደ ዳባት ወጥቶ ሊዘል ነው እንበል። ዳባት ከጎርጎራ በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች፤ 225ቱን ሜትር ከጎርጎራ የሚቆጥር መሣሪያ ዳባት ላይ ከመሬት በታች ነው የሚጠብቀው። አጥፍቶ ዳባት ላይ እንደገና ማብራት ነው። ወለቃም ከባሕር በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ጃንጥላ እዚህ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ ያወርዳል። እዚህ የሚዘል ቢመጣ መጀመሪያ ይህንን ንገሩት፤ ቡናው ኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ ያለው ይጠይቃል፤ ግን መጀመሪያ ሰፌዱን መልሱልኝ። ክሯ፣ አንድ። ጸጉር አብቅላለች፣ በጥርስ የሞከረ አለ፤ ደግ አደረገ። ፒኗ፣ ሁለት። ማንጠልጠያው ሦስት። ገመዱ አራት፣ ማያያዣው አምስት፣ ላስቲኩ ስድስት።

ቀይ ሪባን ያላት አልመጣችም።

በሩ አጠገብ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ ለጥቂት ደቂቃ በሩን ገርበብ አድርግልኝ። ማንንም አልጠረጠርሁም። መጀመሪያ የራሴን ኪስ ልፈትሽ።